የጋላዋ ቅዳሜና የስለት ጥያቄ

ኅዳር 14 ቀን 1989 ዓ.ም. ቅዳሜ ነው። በታላቋ ኮሞሮ ደሴት ሰሜናዊ ጫፍ፣ ከሚትሳሚዩሊ ከተማ አጠገብ በነበረው የጋላዋ ሆቴል ዳርቻ፣ ለዕረፍት የመጡ እንግዶች አሸዋው ላይ ተዘርግተዋል። ብዙዎቹ ከደቡብ አፍሪካ የመጡ ናቸው። ባሕር ውስጥ ጠልቀው ዓሣ ሊያዩ የመጡ አሉ፣ ጫጉላቸውን የሚያሳልፉ ሙሽሮች አሉ፣ ሥራ የሰለቻቸው ፈረንሳውያን ሐኪሞችም አሉ። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ካለፈ በኋላ አንድ ትልቅ አውሮፕላን ከባሕሩ በላይ እጅግ ዝቅ ብሎ መጣ። ከሙሽሮቹ አንድ ጥንድ ካሜራቸውን አነሱ። በኋላ እንደተናገሩት፣ ለቱሪስት የተዘጋጀ የአየር ላይ ትርኢት መስሏቸው ነበር።

ካሜራው የቀረጸውን ዓለም ሁሉ አይቶታል። የግራ ክንፉ ጫፍ ቀድሞ ውኃ ነካ፣ አውሮፕላኑ ተጠማዘዘ፣ ከዚያ ተሰባበረ። ከዳርቻው 500 ሜትር ያህል ቢርቅ ነው።

የበረራ ቁጥሩ 961 የሆነው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 767 ጠዋት ከአዲስ አበባ ሲነሳ መድረሻው ናይሮቢ ነበር፤ ከዚያ ወደ ብራዛቪል፣ ሌጎስና አቢጃን ይቀጥላል። ተነሥቶ ብዙም ሳይቆይ ሦስት ወጣት ኢትዮጵያውያን የአብራሪዎቹን ክፍል ሰብረው ገቡና ወደ አውስትራልያ ውሰዱን አሉ። ዋና አብራሪው ካፒቴን ልዑል አባተ ነዳጁ የተሞላው እስከ ናይሮቢ ላለው መንገድ እንደሆነ፣ በዚያም አውስትራልያ እንደማይደረስ አስረዳ። አላመኑትም። አየር መንገዱ ለመንገደኞች በሚያድለው መጽሔት ላይ ይህ ዓይነት አውሮፕላን ስንት ሰዓት መብረር እንደሚችል አንብበዋል። የተጻፈው ውሸት አልነበረም፤ ጋኑ ሞልቶ ሲነሳ ነው እንጂ። ያነበቡት እውነት ነው፣ ጋኑ ግን ጎዶሎ ነው። የብዙ ሰው ጥፋት ከውሸት ይልቅ ከእንዲህ ያለ ግማሽ እውነት የሚመጣ ይመስላል። ቦምብ ነው ብለው ያስፈራሩበት ዕቃም በኋላ ሲታይ የተሸፈነ የመጠጥ ጠርሙስ ሆኖ ተገኘ።

ካፒቴን ልዑል ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ ተጠልፎ ነበር። ሰዎቹን ሳያስቆጣ የአፍሪካን ጠረፍ ይዞ ወደ ደቡብ በረረ፤ ይህን ሲያዩ ወደ ውቅያኖሱ ታጠፍ አሉት፤ እሱም ሳይነግራቸው ወደ ኮሞሮ ደሴቶች አቀና። ነዳጁ አለቀ። አንዱ ሞተር ጠፋ፣ ሁለተኛው ተከተለ። የደሴቲቱን አውሮፕላን ማረፊያ ለመያዝ ሲዞር ጠላፊዎቹ መሪው ላይ ታገሉትና ማረፊያው ከዓይኑ ተሰወረ። ቀደም ሲል ደብድበው ያስወጡት ረዳት አብራሪ ዮናስ መኩሪያ ቆስሎም ቢሆን ሊያግዘው ተመለሰ። የቀረው ምርጫ አንድ ነበር፤ ሰው ወዳለበት ዳርቻ ተጠግቶ፣ ጥልቀት በሌለው ውኃ ላይ ማሳረፍ።

በአውሮፕላኑ ውስጥ 175 ሰዎች ነበሩ። 125ቱ ሞቱ፤ ሦስቱ ጠላፊዎች ከሟቾቹ መካከል ናቸው። የ1977ቱን ረሀብ ለዓለም ያሳየው ኬንያዊው የካሜራ ባለሙያ መሐመድ አሚንም በዚያው አለፈ። 50 ሰዎች ተረፉ፤ ሁለቱም አብራሪዎች ከተረፉት ውስጥ ናቸው።

አሁን አንድ ዕቃ ቀረብ ብሎ ማየት ያስፈልጋል። የሕይወት አድን ጃኬቱ በአንገት ይጠለቃል፣ ወገብ ላይ ይታሰራል፣ ገመዱ ሲሳብ በጋዝ ይነፋል። ሳይነፋ ተራ ጨርቅ ነው፤ የለበሰው ሰው ጎንበስ ብሎ፣ ካስፈለገም ውኃ ውስጥ ጠልቆ በበሩ መውጣት ይችላል። ከተነፋ በኋላ ግን የሚያውቀው አቅጣጫ አንድ ብቻ ነው፤ ወደ ላይ። ደጅ ላይ ከሆነ ላይ ማለት አየር ነው። ውኃ በሚሞላው አውሮፕላን ውስጥ ላይ ማለት ጣራ ነው። መንገደኞቹ ጃኬታቸውን እንዲለብሱ፣ እንዳይነፉት ግን ተነግሯቸው ነበር። ብዙዎቹ ነፉት። አውሮፕላኑ ሲሰበር በግጭቱ የሞቱ አሉ፤ ከግጭቱ ተርፈው በነፉት ጃኬት ጣራው ላይ ተጣብቀው የሰጠሙም አሉ።

በዳርቻው ላይ የነበሩት ቆመው አላዩም። የሆቴሉ ጀልባዎች ተነሡ፣ ጠላቂዎቹ ዕቃቸውን ይዘው ገቡ፣ የመንደሩ ሰዎች ተከተሉ፣ ሐኪሞቹ አሸዋው ላይ ሥራቸውን ጀመሩ። ለዋና የመጣ ሰው አስከሬን ሲጎትት ዋለ።

ይህን ታሪክ የሰማ ኢትዮጵያዊ ሁሉ፣ ክርስቲያንም ሆነ ሙስሊም፣ ስለ ሟቾቹ የሚለው አንድ ነገር አለ፤ ቀናቸው ደርሶ ነው። ስለተረፉትም እንዲሁ፤ ቀናቸው አልደረሰም። እግዜር ሲያተርፍ እንዲህ ነው፤ ነዳጁ የሚያልቅበትን ቦታ መርጦ፣ ጀልባና ጠላቂና ሐኪም አዘጋጅቶ ጠበቃቸው። አባባሉ ውስጥ እውነተኛ መደነቅ አለ። በዚያ ሁሉ ባዶ ውቅያኖስ ላይ፣ ሰው ተሰብስቦ የሚዝናናበት አንድ ዳርቻ ፊት ለፊት መውደቅ አጋጣሚ ነው ብሎ ማለፍ ለማንም ይከብዳል።

ግን ለተረፈው እንዲህ ከተባለ፣ ከጎኑ ተቀምጦ ለነበረው ምን ሊባል ነው?

ጥያቄው ጥንታዊ ነው፤ የተነሣውም ከባሕር ነው። ሮማዊው ሲሴሮ ክርስቶስ ከመወለዱ 45 ዓመት ገደማ በፊት በጻፈው ስለ አማልክት ባሕርይ በሚከራከር መጽሐፉ ውስጥ፣ ዲያጎራስ የሚባለውን በአምላክ የለሽነቱ የታወቀ ግሪካዊ ታሪክ ያነሣል። ዲያጎራስ ሳሞትራኬ ወደምትባል ደሴት ይሄዳል። በዚያ ካለው ቤተ መቅደስ ከማዕበል ያመለጡ መርከበኞች በስለት ያስገቧቸው ሥዕሎች ተሰቅለዋል። ወዳጁ ግድግዳውን አሳየውና፣ አማልክት ለሰው ግድ የላቸውም የምትል፣ ይህን ሁሉ የተረፈ ሰው አታይም ወይ አለው። ዲያጎራስም፣ አያለሁ፣ የሰጠሙት ግን የትም አልተሳሉም ብሎ መለሰ።

በየዓመቱ ታኅሣሥ 19 ወደ ቁልቢ ገብርኤል የወጣ ሰው ይህን ግድግዳ ያውቀዋል። ጃንጥላው፣ ምንጣፉ፣ ጧፉ፣ በስለት የተገኘው ሕፃን፣ እልልታው፤ ስለቱ የሰመረለት ሁሉ ደስታውን ይዞ ይመጣል። ያልሰመረለት ቤቱ ነው። ተስሎ ልጁ የሞተችበት አባት ጃንጥላ ይዞ አይታይም። ስለዚህ ከቁልቢ ሕዝብ ተነሥቶ ስለት ይሠራል ብሎ የሚደመድም ሰው፣ ዲያጎራስ ከሳቀበት ወዳጁ የተሻለ ማስረጃ አልያዘም። ቆጠራው ጎዶሎ ነው፤ ይህን ለመካድ መሞከር ሃይማኖትን መከላከል አይሆንም።

ይሁን እንጂ ዲያጎራስም ያላየው ነገር አለ። ቁልቢ የሚወጣው ሰው ማስረጃ ሊያቀርብ አይደለም የሚወጣው። ዕዳ ሊከፍል ነው። ከሞት የተረፈ ሰው ማንን እንደሚያመሰግን ሳያውቅ መኖር አይችልም፤ ምስጋናው መድረሻ ካላገኘ ውስጡ ይመረዛል። ከዚህም በላይ፣ በዚያው ዕለት የሚከበረው በዓል ራሱ ለግሪካዊው መልስ ይዟል። ታኅሣሥ 19 ሠለስቱ ደቂቅ ከባቢሎን እሳት የዳኑበት ነው። በትንቢተ ዳንኤል ላይ እንደሚነበበው ሦስቱ ወጣቶች እሳቱ ውስጥ ከመጣላቸው በፊት ለንጉሡ የተናገሩት ሁለት ነገር ነው፤ አምላካችን ሊያድነን ይችላል፤ ባያድነንም እንኳ ለጣዖትህ አንሰግድም። ሰባኪው ብዙ ጊዜ የሚያደምቀው የመጀመሪያውን ነው፤ ክብደቱ ያለው ሁለተኛው ላይ ይመስላል። እምነታቸው የተነገረው ውጤቱ ሳይታወቅ ነው። ተቃጥለው ቢሆን ኖሮ ንግግራቸው ውሸት አይሆንም ነበር።

እንግዲህ ምስጋና አንድ ነገር ነው፣ ማብራሪያ ሌላ። ከአውሮፕላኑ ተርፎ እግዚአብሔር አተረፈኝ የሚል ሰው ልክ ነው፤ ጎረቤቴን ግን ቀኑ ስለደረሰ ወሰደው ብሎ ሲቀጥል፣ የማያውቀውን መዝገብ ማንበብ ጀምሯል። ጎረቤቱ ለምን እንደሞተ የሚያስረዳ ሌላ ነገር በእጁ አለ፤ የተነፋ ጃኬት።

ቀኑ ደርሶ ነው የሚለው ቃል ቦታ አለው። ቦታው ልቅሶ ቤት ነው። ያን ቀን ባልሸኘሁት፣ ያን ትኬት ባልቆረጥኩለት እያለች ራሷን ለምትቀጣ እናት፣ ድንኳን ውስጥ ተቀምጠው ይህን የሚሏት ጎረቤቶች ፍልስፍና እያስተማሯት አይደለም፤ የማትችለውን ሸክም ከትከሻዋ እያነሡላት ነው። ያው ቃል ከአደጋው በፊት ሲነገር ግን ሌላ ፍጥረት ይሆናል። ቀኔ ካልደረሰ ምን ይነካኛል ብሎ ቀበቶውን የማያስር ሾፌር አዲስ አበባ ውስጥ ሞልቷል። የበረራ አስተናጋጇ መተላለፊያው ላይ ቆማ ጃኬቱን ስታሳይ፣ አማትቦ ዓይኑን የሚጨፍን መንገደኛም ጥቂት አይደለም። ማማተቡ መልካም ነው። ዓይን መጨፈኑ ከማማተቡ ጋር ምን እንዳገናኘው ነው የማይገባው።

ይህንንም ጥንታውያኑ ተከራክረውበታል። የሰነፍ ክርክር ይሉት ነበር፤ ልድን ከተጻፈልኝ ሐኪም ብጠራም ባልጠራም እድናለሁ፣ ልሞት ከተጻፈልኝም እንዲሁ፣ ስለዚህ ሐኪም ምን ያደርግልኛል? በዕጣ ፈንታ አጥብቆ የሚያምነው ክሪሲፖስ የተባለ ፈላስፋ መልሱን ሰጠ። መዳንህ ከተጻፈ፣ ሐኪም መጥራትህም አብሮ ተጽፏል። ውጤቱ ብቻውን አይጻፍም፤ ከነመንገዱ ነው። ኮሞሮዎቹ ሙስሊሞች ናቸውና ይህን ከነቢዩ ሐዲስ በአጭሩ ያውቁታል፤ ግመልህን እሰር፣ ከዚያ በአላህ ተመካ።

ችግሩ ግን ግመል ማሰር ቀላል መሆኑ ነው። ባሕር ላይ የሚያድነው ነገር አብዛኛውን ጊዜ ከደመ ነፍስ ተቃራኒ ነው። ጃኬቱን መንፋት የፈሪ ሰው ሥራ አልነበረም፤ የማንኛውም እጅ ቀድሞ የሚሄድበት ነው። ሪፕ ከረንት የሚባለውም እንደዚሁ ነው። ማዕበሉ ወደ ዳርቻ የገፋው ውኃ መመለሻ ሲፈልግ በአንድ ጠባብ መስመር ወደ ባሕሩ ይነጉዳል፤ ፍጥነቱ በሰከንድ ከ2 ሜትር ሊያልፍ ይችላል፣ ከማንኛውም ዋናተኛ ይበልጣል። የያዘው ሰው ዓይኑን ዳርቻው ላይ ተክሎ በቀጥታ ይዋኛል፣ እዚያው ይቆማል፣ ይደክማል፣ ይሰጥማል። ጅረቱ ወደ ታች አይጎትትም፤ በጀርባ ተንሳፍፎ እጅን እያወዛወዘ ቢጠብቅ፣ ወይም ወደ ጎን ከዳርቻው ጋር ትይዩ ቢዋኝ ይወጣል። ጠላፊዎቹ በተመኟት አውስትራልያ ይህን ልጆች ይማሩታል። በሲድኒው ቦንዳይ ዳርቻ እ.ኤ.አ. የካቲት 6 ቀን 1938 እሑድ ተከታታይ ግዙፍ ማዕበል መጥቶ መቶዎችን ወደ ባሕሩ ሲጠርግ፣ 250 ያህል ሰዎች ተርፈው የሞቱት 5 ብቻ ናቸው። የጋላዋ ጠላቂዎች ለሌላ ጉዳይ መጥተው የተገኙ ነበሩ፤ የቦንዳይ ነፍስ አድን ዋናተኞች ግን ሆን ተብሎ ለሠላሳ ዓመት የተደራጁ ማኅበራት ልጆች ነበሩ። ባሕር በሌላት አገር አድጎ ለቅዳሜና እሑድ ሞምባሳ ወይም ዛንዚባር የሚወርድ ደገኛ ይህን የሚነግረው ሰው አያገኝም። ባሕርን የሚያውቀው ከመጽሐፍ ቅዱስ ነው፤ እዚያ ደግሞ ባሕር ይከፈላል።

ታይላንድ ውስጥ ማይ ካዎ በሚባል ዳርቻ በፈረንጆቹ ገና ማግስት፣ ታኅሣሥ 26 ቀን 2004 እ.ኤ.አ.፣ ከእንግሊዝ ከቤተሰቧ ጋር ለዕረፍት የመጣች ቲሊ ስሚዝ የምትባል የ10 ዓመት ልጅ ባሕሩ እንደ ቢራ ሲያረፋ አየች። ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ በጂኦግራፊ ክፍለ ጊዜ ስለ ሱናሚ ተምራ ነበር። ወላጆቿ መጀመሪያ አላመኗትም፤ እሷ ግን ጮኸች። ዳርቻው ላይ የነበሩት 100 ያህል ሰዎች ወደ ላይ ሸሹ፤ በዚያ ዳርቻ ላይ ማንም አልሞተም። በዚያ ቀን በውቅያኖሱ ዙሪያ የሞተው ሰው ከ220,000 በላይ ነው፤ ማዕበሉ ሶማሊያ ድረስ ደርሶ ገድሏል። ልጅቷን መልአክ ያሏት ነበሩ። መልአክ ብትሆንም የጂኦግራፊ ደብተር የያዘች መልአክ ናት።

እዚህ ላይ አንድ ክፉ ወጥመድ አለ። ያወቀ ዳነ፣ ያላወቀ ሞተ የሚለው አነጋገር ትንሽ ከተገፋ፣ የሞቱት የእጃቸውን አገኙ ወደሚል ይወርዳል። ጃኬቱን የነፋችው ሴት ጥፋተኛ አይደለችም። የጥንት መርከበኞች ይህን ክስ ይወዱት ነበር፤ ነቢዩ ዮናስን ዕጣ አውጥተው ወደ ባሕር ጣሉት፣ ዲያጎራስንም ማዕበሉ በአንተ ኃጢአት የመጣ ነው አሉት። እሱ ግን በዚያው ማዕበል የሚናጡትን ሌሎች መርከቦች እያሳየ፣ እነዚያም ዲያጎራስን ጭነዋል ወይ ብሎ ጠየቃቸው። ወንጌልም በዚህ ላይ ከግሪካዊው ጋር አይጣላም። የሰሊሆም ግንብ ወድቆ 18 ሰዎች ሲሞቱ፣ በኢየሩሳሌም ካሉት ሁሉ ይልቅ በደለኞች እንዳልነበሩ ክርስቶስ በግልጽ ተናግሯል። በእስልምና ደግሞ በውኃ ሰጥሞ የሞተ ከሰማዕታት ይቆጠራል። አስከሬን ሲያወጡ ለዋሉት የሚትሳሚዩሊ ሰዎች፣ ከውኃው የሚያወጡት ሰው የተቀጣ ሳይሆን የተከበረ ነበር።

ስለዚህ ጥያቄው የሚፈታ ሳይሆን በየፈርጁ የሚቀመጥ ነው። ለሟቹ ክብር፣ ለተረፈው ምስጋና፣ ገና ለሚሳፈረው ጃኬት። ሦስቱን ሳይቀላቅል የያዘ አንድ ጽሑፍ ቢፈለግ የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 27 ይገኛል። ጳውሎስ እስረኛ ሆኖ ወደ ሮም ሲወሰድ መርከቧ 14 ሌሊት በማዕበል ትናወጣለች። መልአክ ተገልጦ ከመርከቧ በቀር የአንድም ሰው ነፍስ እንደማትጠፋ ይነግረዋል። ተስፋው ተሰጥቷል፣ ተጽፏል፣ አልቋል። ከዚህ በኋላ መርከበኞቹ መልሕቅ የሚጥሉ አስመስለው በትንሿ ጀልባ ሊያመልጡ ሲሞክሩ ያው ጳውሎስ ለመቶ አለቃው፣ እነዚህ ሰዎች መርከቧ ላይ ካልቀሩ እናንተ ልትድኑ አትችሉም አለው። ወታደሮቹ የጀልባዋን ገመድ ቆረጡ። አምላክ ቃል ከገባ መርከበኛ ምን ያስፈልጋል ብሎ የጠየቀ የለም፤ ክሪሲፖስ እዚያ ቢኖር አንገቱን ይነቀንቅ ነበር። በመጨረሻም ዋና የሚችሉት ዘልለው፣ የማይችሉት በሳንቃና በስብርባሪ ላይ ሆነው 276ቱም መላጥያ ደሴት ደረሱ፤ የደሴቲቱም ሰዎች ዝናብና ብርድ ነበርና እሳት አንድደው ተቀበሏቸው።

ዲያጎራስ ይህን ምዕራፍ ቢያነብ አንድ ነገር ይቸግረው ነበር። የሳሞትራኬ ሥዕሎች የተሰቀሉት ከዳኑ በኋላ ነው። ጳውሎስ እንጀራ አንሥቶ በሁሉ ፊት እግዚአብሔርን ያመሰገነው ግን ገና ጎሕ ሳይቀድ፣ መርከቧ ሳትሰበር፣ ማን ሳንቃ እንደሚያገኝ ሳይታወቅ ነው። ሌሎቹም ተጽናንተው በሉ። ጠግበው ሲያበቁ የቀረውን ስንዴ እየተሸከሙ ወደ ባሕር ጣሉት፤ መርከቧ ቀለል ካላለች ወደ ዳርቻው መጠጋት አትችልምና።